ከሞት በኋላ የያዘ ፍሬን

ቀይዋን መኪና መጀመሪያ ያዩአት አህያ ጭነው ወደ ቢቸና ገበያ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ከደብረ ወርቅ በኩል ሲመጣ መንገዱ ወደ ወንዙ በሚወርድበት ረጅም ቁልቁለት፣ ከገደሉ ሥር አንድ ሾላ ላይ አፍንጫዋን ደፍታ ቆማለች። ጓድ ደምለው ውስጧ ነበር፤ መሪው ደረቱን ተጭኖት ሞቷል።

የቢቸና ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ሹም መቶ አለቃ ባዘዘው ገደሉን እየተንሸራተተ ወረደ። ሹም ይባል እንጂ ከሥሩ ያሉት አስር አለቃ ውበቴና አንድ እግሩ የወላለቀ ጠረጴዛ ብቻ ናቸው። ደክሞታል። የዛሬ ድካም አይደለም፤ ገዳያቸው እየታወቀ የማይመረመሩ ሬሳዎችን ዓመታት ሙሉ ሲያነሳ የኖረ ሰው ድካም ነው። ዛሬ ደግሞ በተቃራኒው፣ ገዳይ ባይኖረው እንኳ ገዳይ የሚፈለግለት ሬሳ እንዳጋጠመው ከወዲሁ ታውቆታል። ሟቹ ካድሬ ነው።

«አረቄ አልሸተተዎትም?» አለ ውበቴ፣ አፍንጫውን ነፋ ነፋ እያደረገ።

ሸቷል። የሾላው ቅጠል ሳይቀር አረቄ አረቄ ይላል።

«እንግዲያው ሰክሮ ነዋ! ተመስገን።»

ተመስገን ያለው ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ሰካራም ገደል ሲገባ ማንም አይታሰርም፤ ፖሊስም በጊዜ ቤቱ ይገባል። ባዘዘው ግን ወደ ሟቹ አፍ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ደምና አቧራ ነው፣ ሌላ የለም። ጠርሙስ ፈለጉ፣ አጡ። የማርሹ ዘንግ ዜሮ ላይ ነው።

«ማርሽ ነቅለው ነው የወረዱ» አለ ውበቴ። «ምን ይደንቃል? ቤንዚን በራሽን ከሆነ ወዲህ ትንሽ መኪና የያዘ ሁሉ እንዲያው ነው። ለቁልቁለት ቤንዚን የሚያቃጥል ማን አለ?»

እውነቱን ነው። ቁልቁለት ሲደርሱ ማርሹን ነቅሎ መንከባለል፣ የተረፈችውን ቤንዚን ለዳገት ማቆየት የአገሩ ልማድ ሆኗል።

«እስቲ ፍሬኑን ተጫነው።»

ውበቴ በተሰበረው መስኮት ጎንበስ ብሎ ፔዳሉን በእጁ ገፋው። «ድንጋይ ነው። ይይዛል።»

ከላይ መንገዱ ላይ ግን ጎማ የተጎተተበት ምልክት አልነበረም። ሰውየው አልሰከረም፣ ፍሬኑ ይሠራል፣ መኪናዋ ግን ለመቆም እንኳ አልሞከረችም። መቶ አለቃው ራሱን አከከ።

ያቺ መኪና መጀመሪያውንም ለቢቸና አልተፈጠረችም። ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት የሚልስ የስፖርት መኪና ናት። የአንድ ባላባት ልጅ ከአስመራ አምጥቷት፣ ለውጡ ሲመጣ ተወረሰችና ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም ተብላ ለጓድ ደምለው ተሰጠች። ሰፊው ሕዝብ ከእሷ ያገኘው ጥቅም መንገድ መልቀቅ ነበር። ሰሞኑን ደግሞ የፍሬኗ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ሲፋጭ ጩኸቷ ከከተማው ዳር እስከ ዳር ይሰማ ስለነበር፣ ደምለው ለስብሰባ ሞጣ ሲሄድ እዚያው አሳድሷት ነበር። የሞተው ሲመለስ ነው።

* * *

«ሳቦታጅ ነው» አለ ጓድ በላቸው። የደምለው አለቃ ነው፤ በሩን ዘግቶ ነው የሚያናግረው። «መካኒኩ ፍሬኑን በሠራለት ማግስት ሞተ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«ፍሬኑ ይሠራል፣ ጓድ።»

«ሰው ገደል ገብቶ ፍሬኑ ይሠራል ትለኛለህ?»

«አይተነዋል። ቱቦው አልተቆረጠም፣ ሸራው አዲስ ነው።»

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ታጋይ በድንገት አይሞትም። ጠላት ነው የሚገድለው። ቅዳሜ ከማርቆስ ሰዎች ይመጣሉ፤ ያን የሞጣ መካኒክ አስረክባቸዋለሁ። እስከዚያ የተሻለ ነገር ካለህ አምጣ።»

ባዘዘው እሺ ብሎ ወጣ። ለእነዚያ ሰዎች ተላልፎ ተሰጥቶ የተመለሰ ሰው አያውቅም። የመካኒኩን ስም ያወቀውም ገና ያን ዕለት ነው፤ ወልደ ኪዳን ይባላል።

እንግዲህ ለዚያ ለማያውቀው ሰው የሚሻለው ደምለው ሰካራም ሆኖ ቢገኝ ነበር። ይህን እያሰበ ወደ ሟቹ ቤት ሄደ። ለቅሶው ገና ትኩስ ነው። ሚስትየዋን ጥሩአየሁን ከድንኳኑ ወደ ጓዳ ጠርቶ፣ እያፈረ ጠየቃት።

«እሱ? አረቄ?» አለች። ዓይኗ ከማበጡ የተነሳ አይገለጥም። «ጨጓራው ጠላ እንኳ አይችል። በሠርጋችን ቀን ሰዉ ጠጅ ሲጠጣ እሱ ብርዝ ነው የቀረበለት። አማቾቼ እስከ ዛሬ ይስቁበታል።»

«ከስብሰባው በኋላ ከጓደኞቹ ጋር…»

«መቶ አለቃ፣ ገበያተኛው የሚያወራውን ሰምቻለሁ። ክፉ ሰው ነበር ይበሉ፣ ግድ የለም፤ የሚወደው ብዙ እንዳልነበር አውቃለሁ። ያልሆነውን ግን አይጻፉበት።»

«እውነቱን ነው የምጽፈው» አላት። ካላት በኋላ ጸጸተው፤ እውነቱ መካኒኩን ወደ ቅዳሜ አንድ እርምጃ ገፍቶታል።

* * *

የመንግሥት መጋዘን ጠባቂዋ ይርጋነሽ ቁልፏን በአንገቷ አንጠልጥላ ነው የምትውለው።

«አዎ፣ ጓድ ደምለው ሞጣ ሲሄዱ አንድ ጣሳ የፍሬን ዘይት ሰጥቻቸዋለሁ» አለች። «ክዳኑ ያልተከፈተ። የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች። ለሌላው ሁሉ የለም ስል ነው የከረምሁ።»

«ሌላው ማነው?»

«ኧረ ማን ያልጠየቀኝ አለ! ከጉንደ ወይን ይመጣሉ፣ ከሞጣ ይመጣሉ። ለጓድ ደምለው ትቀመጥ ተብዬ ነው።»

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል። ባዘዘው ውበቴን አስከትሎ ወደ ሾላው ተመለሰ። የመኪናዋን የተጨራመተ ኮፈን በዲጂኖ ፈልቅቀው አነሱት። የአረቄው ሽታ ፊታቸውን መታቸው። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ተሰንጥቋል፤ ከሥሩ ትንሽ ፈሳሽ አቁሯል። ባዘዘው ጣቱን ነክሮ አሸተተ፣ ከዚያ ቀመሰው።

«ምንድን ነው?» አለ ውበቴ።

«አረቄ ነው። የጉሎ ዘይት ተቀላቅሎበታል።» ጣቱን በሱሪው ጠረገ። «የሰከረችው እሷ ናት፣ እሱ አይደለም።»

ውበቴ ሳቀ። መቶ አለቃው አልሳቀም። አሁን መካኒኩን ለማዳን የያዛት የመጨረሻዋ ክር፣ የአረቄው ሽታ፣ ተበጥሳለች፤ የበጠሳትም ራሱ ነው።

* * *

ሞጣ የደረሰው የጤፍ ጭነት ላይ ተቀምጦ ነው። የወልደ ኪዳን ጋራዥ ቆርቆሮ የተደገፈበት ግቢ ነው። ሰውየው ቀጭን፣ ፀጉሩ የነጣ፣ በወጣትነቱ ጣሊያን ጋራዥ ሥራ የተማረ ነው። ቆመው ከሚያፈሱት መኪናዎች ሥር ሁሉ ጣሳ ደቅኗል፤ የምትንጠባጠብ ዘይት አንዲት እንኳ መሬት አትነካም።

«ቀይዋን መኪና ምን ምን ሠሩላት፣ ጋሽ ወልደ ኪዳን?»

«ሸራ ቀየርሁ፣ ቱቦ ቀየርሁ፣ ዘይት ቀየርሁ።»

«ሸራ ከየት ተገኘ?»

«የከባድ መኪና ሸራ በመጋዝ ቆርጬ፣ ሞርጄ። ቱቦውን ከቆመ መኪና ፈታሁት። በዚህ ዘመን አዲስ ዕቃ የት አለና?»

«ዘይቱስ?»

ሽማግሌው ካቻቪቴውን ጠረገ። ጠርጎ ሲጨርስ እንደገና ጠረገው።

«ቀምሼዋለሁ» አለ ባዘዘው።

ወልደ ኪዳን አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። «እንግዲያው ምን ልበልዎ? ሁሉም የሚያደርገው ነው። ዘይት ከጠፋ ወዲህ በዚህ መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና ሁሉ በአረቄና በጉሎ ነው የሚቆም። አገሩ የሚያወጣው እሱን ነው።»

«ታዲያ ፍሬኑ ሰውየው ከሞቱ በኋላ እንዴት ያዘ? በእጃችን ተጭነን አይተነዋል።»

«አረቄ ሲግል ይፈላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆንና ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል፣ የሚረግጡት አየር ነው። ሲበርድ ደግሞ አረቄው ይመለሳል፤ ፍሬኑም ይመለሳል። የጫነ መኪና ማርሽ አይነቅልም፤ ሞተሩ እየያዘው ነው የሚወርድ። ፍሬኑን እምብዛም ስለማይረግጠው አይግልም። ያቺ ግን ፈጣን ናት። ማርሽ ተነቅሎ በፍሬን ብቻ ያን ቁልቁለት…»

«ለሟቹ ነግረዋቸዋል?»

«በማርሽ ውረዱ አልኋቸው። ሳቁብኝ። አረቄ መሆኑን ግን አልነገርሁም። እሱን አልነገርሁም።»

«ለምን?»

«የሰጠሁህ ጣሳ የታለ ይሉኛላ።»

«የታለ?»

«ፈሰሰብኝ።»

ባዘዘው ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየ። ከእያንዳንዱ መኪና ሥር የተደቀኑትን ጣሳዎች አየ። ጠብታ የሚያጠራቅም ሰው ሙሉ ጣሳ አይደፋም።

«አይዋሹኝ። ሸጡት?»

«አልሸጥሁም።»

«ሰውየውን ይጠሏቸው ነበር?»

«ማን ይወዳቸው ነበር? ግን ሰው ለመግደል ብዬ መፍቻ አንስቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ዘይቱ የት ገባ?»

«ፈሰሰብኝ አልሁዎ። ውሰዱኝ፣ ከዚህ በላይ አልናገርም።»

መቶ አለቃው በሕይወቱ ብዙ ውሸታም መርምሯል። ይህን ያህል ውሸት የማይችል ሰው ግን አላጋጠመውም፤ ይህም አበሳጨው። የተሻለ ቢዋሽ ኖሮ አምኖት ይገላገል ነበር።

* * *

ወደ ቢቸና የሚመለስ መኪና ጠፋ። የተገኘው የሞጣ ጤና ጣቢያ ላንድሮቨር ብቻ ነው። ባንቺዓለም የምትባል ሴት ምጥ ጠንቶባት ወደ ማርቆስ ሆስፒታል እየወሰዳት ነበር። ሾፌሩ ኃይለ ጊዮርጊስ ይባላል፤ ጎልማሳ፣ ወሬ የማያበዛ። ሴትየዋ ከነእናቷ ፍራሽ ላይ ናት። ባዘዘውና ወልደ ኪዳን ከኋላ ጥግ ላይ ተጣበው ተቀመጡ። የሽማግሌውን እጅ አላሰረውም፤ የት ይሄዳል?

ደብረ ወርቅን አልፈው ቁልቁለቱ ጀመረ። መኪናው በነጠረ ቁጥር ሴትየዋ ትጮሃለች። እናቷ «በእመብርሃን፣ ቀስ በል የኔ ልጅ!» ትላለች። ኃይለ ጊዮርጊስም ቀስ አለ፤ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ሳያነሳ በእያንዳንዱ ጉድጓድ መኪናውን እያቆመ ማለት ይቻላል ወረደ። የጋለ ሸራ ሽታ መጣ። ባዘዘው የመኪናውን ጠርዝ ጨበጠ። ቀይዋ ከገባችበት ገደል አጠገብ ደርሰዋል።

እዚያው ጠምዛዛው ላይ የከብት መንጋ መንገዱን ዘግቶ ብቅ አለ።

ኃይለ ጊዮርጊስ ፍሬኑን በሙሉ ጉልበቱ ረገጠው። ላንድሮቨሩ ጎማውን ጎተተ፣ ተንገራገጨና ቆመ። አንዲት ላም የፊት መብራቱን አሽትታ አለፈች።

ሁሉም እግዚኦ ሲል ባዘዘው ሽማግሌውን አየው። ወልደ ኪዳን አልጮኸም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሾፌሩን እግር ነበር የሚያየው። መኪናው ሲቆም ትንፋሹን ቀስ ብሎ ለቀቀ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

መቶ አለቃው ያን ጊዜ ገባው።

«ኃይለ ጊዮርጊስ» አለ። «ይህን ፍሬን መቼ አሠራኸው?»

«አሁን በቀደም ነው፣ ጌታዬ። ከገና ወዲህ ዘይት ጠፍቶ ቆሞ ነበር። ጋሽ ወልደ ኪዳን ድንገት ና ውሰድ አሉኝ። ከየት አመጡት ብላቸው፣ ዝም ብለህ ንዳ አሉኝ።»

ወንዙ ዳር ሾፌሩ ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ ሊጨምር ወረደ። ባዘዘው ሽማግሌውን ራቅ አድርጎ ወሰደው።

«አንድ ጣሳ ነው» አለ ወልደ ኪዳን ሳይጠየቅ። «ሁለት መኪና ነው። ይህ ላንድሮቨር ግቢዬ ውስጥ ቆሞ ሳለ ሴቶች ቃሬዛ ላይ ሞተዋል። አንዷ የወንድሜ ልጅ ናት። በአረቄ እንዳልሰደው፣ በሽተኛ የጫነ ቀስ እያለ በፍሬን ነው የሚወርድ። ያ ሰው ደግሞ ጣሳውን እጄ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ያን ቁልቁለት ወደ ቢቸና እንደሚወርድ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ማርሽ እንዳይነቅል ፈርቼ ነበር። ፈርቼም ዘይቱን ለላንድሮቨሩ አደረግሁት።»

«ይህን ለእኔ መጀመሪያ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«እርስዎ ለአለቃዎ ይነግራሉ። አለቃዎ ዘይቱን ከላንድሮቨሩ ያስቀዳል፣ ሾፌሩንም ያስራል። እኔ እንደሆንሁ አርጅቻለሁ።»

ባዘዘው ተናደደ። በሽማግሌው ተናደደ፣ በደምለው ተናደደ፣ አንዲት ጣሳ ቆልፋ በያዘች አገር ተናደደ። መናደዱም ደከመውና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ነገ ዓርብ ነው።

* * *

ዓርብ ጥሩአየሁ ቤት ሄዶ ሁሉንም ነገራት። አንድም አላስቀረም፤ አረቄውን፣ ጣሳውን፣ ላንድሮቨሩን፣ ባሏ መካኒኩ ላይ መሳቁን። እሷ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ሰማችው።

«ሴትየዋስ?» አለች በመጨረሻ።

«ማርቆስ ደርሳለች። እሷ ተርፋለች፣ ልጁ አልተረፈም።»

ፊቷን ወደ እሱ መለሰች። «እና ምን ልትለኝ መጣህ? እውነቱን እጽፋለሁ ብለኸኝ አልነበር?» እርስዎ ማለቷን ትታዋለች፤ እሱም አልተቀየማትም።

«ብዬሽ ነበር። እውነቱን ከጻፍሁ ነገ ሰውየውን ይወስዱታል፤ ላንድሮቨሩም ይቆማል። ደምለው ሰክሮ ነበር ብዬ ብጽፍ ደግሞ አንቺ አይጠጣም ብለሽ ከመሰከርሽ ማንም አያምነኝም።»

«ገዳዩን ይቅር በዪው ነው የምትለኝ?»

«ይቅርታው ያንቺና የእግዜር ነው። እኔ የምጠይቅሽ ነገ እንዲሞት ትፈልጊ እንደሆነ ብቻ ነው።»

«ውጣልኝ» አለችው።

ወጣ። ያን ቀን ሁለት ጊዜ ሪፖርቱን ጀመረና ቀደደው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የማርቆስ ሰዎች መጡ። ወልደ ኪዳን ከጓድ በላቸው ቢሮ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። በላቸው ስለ ጠላት ሴራ ማስረዳት እንደጀመረ በሩ ተንኳኳና ጥሩአየሁ ገባች። ባዘዘው ከተቀመጠበት ተነሳ።

«የባሌን ነገር እዚህ እንደምትመረምሩ ሰማሁ» አለች፣ ቀጥ ብላ ቆማ። «ባሌ ይጠጣ ነበር።»

«ምን?» አለ በላቸው።

«ጨጓራ አለብኝ እያለ ነው ሰው ፊት የማይጠጣው። እኔ ነበርሁ የምደብቅለት። ያን ቀን ሲመጣም ጠጥቶ ነው የሚሆነው፤ ሞጣ በሄደ ቁጥር እንዲያው ነው። ገበያተኛው ሁሉ ሽታውን ሰምቷል። በእሱ ጥፋት የሰው ነፍስ እንዳይጠፋ ብዬ ነው የመጣሁ።»

ከማርቆስ ከመጡት አንዱ ወደ ጓደኛው አዘንብሎ «ታጋዩ አረቄ ሲታገል ነው የወደቀው» አለና ሁለቱ ሳቁ። ጥሩአየሁ ሳቃቸውን እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀቻቸው። በላቸው ፊቱ ቀላ። በእንግዶች ፊት ከሥሩ ሰካራም ካድሬ እንደነበረው የተነገረበት ሰው ነገሩ ቶሎ እንዲዘጋ እንጂ እንዲመረመር አይፈልግም።

«መቶ አለቃ፣ ያንተስ ምርመራ ምን ይላል?»

«እንደ እሳቸው ቃል ነው» አለ ባዘዘው።

«በቃ፣ አደጋ ነው። ያን ሽማግሌ ልቀቀው።»

ወልደ ኪዳን መለቀቁ ሲነገረው ተነስቶ የጥሩአየሁ እግር ላይ ወደቀ። እሷ ልብሷን ሰብስባ አለፈችው፤ አላነሳችውም፣ ቃልም አልተናገረችውም።

ባዘዘው አጥሩ ጥግ ደረሰባት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አላት።

«አታመስግነኝ። ልጆቼ ከፍ ሲሉ አባታችን ሰካራም ነበር ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ያን ቀን አንተ መጥተህ ትነግራቸዋለህ?»

«እመጣለሁ።»

ጥሩአየሁ የሸበተውን ፀጉሩንና እንቅልፍ አጥቶ ያበጠውን ዓይኑን አየች። ለዚያ ቀን በሕይወት እንደማይደርስ ሁለቱም ያውቃሉ። ነጠላዋን አስተካክላ ለቀስተኛው ወደ ሞላበት ቤቷ ሄደች፤ እዚያም የባሏ እናት ተቀምጠው ነበርና የተናገረችውን ለእሳቸውም ደግማ መናገር ነበረባት።